ልብ እስከ መቼ ይንጠለጠላል? የማያልቁ የጀግና ታሪኮችና የተመልካች መሰልቸት

ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ለታሪክ ትምህርት የማይመጥን ሊመስል ይችላል። ካባ ለብሰው በሰማይ ስለሚበሩ የአሜሪካ ፊልም ጀግኖችና እነርሱን ማየት ስለ ሰለቸው ተመልካች ነው የምናወራው። ይሁን እንጂ መሰልቸትም ታሪክ አለው። ሰዎች አንድን ትረካ ለመስማት ለምን እንደ ተሰበሰቡ መጠየቅ የታሪክ ባለሙያ ሥራ ከሆነ፣ ለምን ተነሥተው እንደ ሄዱ መጠየቅም ሥራው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» የተባለው የማርቭል ፊልም በዓለም ዙሪያ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር አስገባ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ የዚያው ተከታታይ 33ኛ ፊልም የሆነው «ዘ ማርቭልስ» ያገኘው ከ200 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ነበር። ከእርሱ በፊት በተከታታዩ ውስጥ ከወጡት ፊልሞች ሁሉ ያነሰ ገቢ ነው። በዚያው ዓመት የዲዝኒ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቦብ አይገር የሥራው ብዛት ትኩረትን እንደ በተነ በይፋ ተናገሩ፤ በ2024 ደግሞ በዓመት የሚወጡት የማርቭል ፊልሞች ከሁለት፣ ቢበዛ ከሦስት እንደማይበልጡ አስታወቁ። «የልዕለ ጀግና ፊልም መሰልቸት» የሚለው አነጋገር በዓለም ጋዜጦች የተለመደው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ይህ የሩቅ አገር ነጋዴ ኪሳራ አሶሳ ላይ ለተቀመጥነው ምን ያደርግልናል የሚል ይኖራል። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የእኛም ልጆች የሚያዩት ያንኑ ፊልም ነው። ሁለተኛ፣ የአገራችን ፊልምና ተከታታይ ድራማ በራሱ መንገድ ወደዚያው በር ደርሷል። በዚህ ንግግር የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ ተመልካችን የሚያሰለቸው የጀግናው መደጋገም አይደለም፤ የፍጻሜ መታጣት ነው።

ሦስት ዙር

መሰልቸቱ አዲስ አለመሆኑን በማሳየት ልጀምር። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» በተባለው የሥዕላዊ ታሪክ መጽሔት የመጀመሪያ ዕትም ወጣ። በ1941 ሪፐብሊክ የተባለው የፊልም ኩባንያ የካፒቴን ማርቭልን ጀብዱ በ12 ክፍል ከፋፍሎ ለሲኒማ ቤቶች አቀረበ። በ1948 ሱፐርማን በ15 ክፍል ተከተለ። የአሠራሩ ብልኃት ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ጀግናው ሊሞት ሲል ያበቃል፤ ልጆች መጨረሻውን ለማየት በሳምንቱ ሳንቲም ይዘው ይመለሳሉ። ብልኃቱ ግን ከማታለል ጋር የተጎዳኘ ነበር። ባለፈው ሳምንት መኪናዋ ከነጀግናው ገደል ስትገባ ያየው ልጅ፣ በሳምንቱ ጀግናው ቀደም ብሎ ዘሎ ወርዶ እንደ ነበር ይነገረዋል። እ.ኤ.አ. በ1956 የመጨረሻው የዚህ ዓይነት ተከታታይ ፊልም ከሆሊውድ ወጣና ዘመኑ ተዘጋ። ዋነኛው ምክንያት የቴሌቪዥን መስፋፋት ነው። ሆኖም ቴሌቪዥኑ በመጣ ጊዜ ተመልካቹ አደጋው አደጋ አለመሆኑን ካወቀ ቆይቶ ነበር።

ሁለተኛው ዙር እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የሱፐርማን ፊልም ተጀመረ። ያ ፊልም ታላቅ አቀባበል አገኘ፤ በ1987 የወጣው አራተኛው ክፍል ግን በቀነሰ በጀት ተሠርቶ ከሰረ፤ ሱፐርማንም ወደ ሲኒማ ለመመለስ እስከ 2006 ጠበቀ። ባትማንም በ1989 በድል ገብቶ በ1997 በአራተኛው ፊልም መሳለቂያ ሆነ። የተመለሰው በ2005 ነው። የተመለሰበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ አዲሱ አዘጋጅ ክሪስቶፈር ኖላን ታሪኩን ከመነሻው ጀምሮ በሦስት ፊልሞች ጨረሰው፤ በ2012 ደመደመውና ተወው።

ሦስተኛው ዙር የማርቭል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በ«አይረን ማን» የተጀመረው ሥራ በ11 ዓመት 22 ፊልሞችን እርስ በርስ አያይዞ አንድ ትልቅ ታሪክ አደረጋቸው። ከዚያ በፊት በዚህ ስፋት የተሞከረ የሲኒማ ሥራ አልነበረም። ያ ሁሉ ሕዝብ በ2019 የተሰበሰበው ለምን ነበር? ታሪኩ ሊያልቅ ስለ ነበር ነው። ሁሉም ነገር የጀመረበት ጀግና፣ ቶኒ ስታርክ፣ በመጨረሻው ፊልም ሞተ፤ ተቀበረ፤ ተለቀሰለት። ኩባንያው ግን ከለቅሶው ማግስት ሱቁን ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 4 ፊልሞችና 5 የቴሌቪዥን ተከታታይ ሥራዎች ወጡ። አንዱን ለመረዳት ሌላውን ማየት ግዴታ ሆነ፤ መዝናኛው የቤት ሥራ መሰለ። በ2024 ደግሞ ቶኒ ስታርክን ሆኖ የተጫወተው ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር በሌላ ገጸ ባሕርይ ጭምብል ወደዚያው ተከታታይ እንደሚመለስ ተነገረ። የተቀበረው ሰው ፊት ተመልሶ ሊታይ ነው።

ከእነዚህ ሦስት ዙሮች አንድ ነገር እናያለን። በእያንዳንዱ ዙር ጀግናው የሰለቸው ሕዝብ ከዓመታት በኋላ ለዚያው ጀግና ተመልሶ ወረፋ ይዟል። ስለዚህ የሰለቸው ጀግናውን አልነበረም።

«አክተር አይሞትም»

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ የፊልም ማሳያውን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ሲኒማ ቤት የትላልቅ ከተሞች፣ በተለይም የዋና ከተማዋ ሀብት ሆኖ ቆየ። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው እንደሚገኙት እንደ አሶሳ ያሉ ከተሞች ፊልምን በብዛት የተዋወቁት በቪዲዮ ካሴት ነው። አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ መጋረጃው የተዘጋ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ ያለው ቪዲዮ ቤት የአንድ ትውልድ ሲኒማ ነበር። የህንድ ፊልም፣ የካራቴ ፊልም፣ ራምቦና ኮማንዶ በዚያ ታዩ።

በቪዲዮ ቤት «አክተር» ማለት ተዋናይ ማለት አልነበረም፤ ዋናው ጀግና ማለት ነበር። «አክተር አይሞትም» የሚለው አባባልም ከዚያ ወጥቶ በመንገድና በትምህርት ቤት የዕለት ንግግር ሆነ። ይህን አባባል እንደ ቀልድ ብቻ ማለፍ አይገባም። ተመልካቹ በገንዘቡ የገዛው ታሪክ የሚሠራበትን ሕግ በአራት ፊደልና በአንድ ግሥ የገለጸበት ነው። ሕጉን እያወቀ ለምን ደግሞ ከፍሎ ይገባ ነበር? ምክንያቱም የቪዲዮ ቤት ፊልም፣ አክተሩ ባይሞትም፣ ያልቅ ነበር። የህንዱ ፊልም ሦስት ሰዓት ቢወስድም እናትና ልጅ ይገናኛሉ፣ በዳዩ ይቀጣል፣ ተመልካች ዓይኑን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የትናንቱን ያላየ የዛሬውን ለማየት አይቸገርም ነበር።

ከካሴት በኋላ ሲዲ፣ ከሲዲ በኋላ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ መጡ። ፊልም በሞባይል መሸጫ ሱቅ እየተጫነ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ጀመር። የአማርኛ ተራኪ ድምፅ የተጨመረበት «ትርጉም ፊልም»ም ተስፋፋ። የማርቭል ተከታታይ ለብዙው ወጣታችን የደረሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰባተኛው ከሦስተኛው ቀድሞ፣ አሥራ አምስተኛው ጭራሹን ሳይመጣ። ፊልሞቹ የተሠሩት ግን ሁሉንም በተርታ፣ በወቅቱ፣ ከነቴሌቪዥን ሥራው መከታተል ለሚችል ሰው ነው። የመረጃ መረብ ውድና ደካማ በሆነበት አካባቢ የሚኖር ተመልካች የሚደክመው ገና በመግቢያው ላይ ነው። እርስ በርሱ የተጠላለፈ ታሪክ ለሀብታም ተመልካች አሰልቺ ሲሆን ለድሃው ዝግ በር ይሆናል።

በመካከሉ አንድ ፊልም ከሌሎቹ ተለይቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ብላክ ፓንተር» ቅኝ ያልተገዛች የአፍሪካ አገር በዓይነ ኅሊና ፈጥሮ ስላሳየ በአህጉራችን እንደ ራስ ታሪክ ተቆጠረ። መሪ ተዋናዩ ቻድዊክ ቦስማን በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. በሕመም ሞተ። አዘጋጆቹ በሌላ ተዋናይ አልተኩትም፤ በ2022 የወጣው ሁለተኛው ፊልም የንጉሡን ሞት ተቀብሎ በለቅሶ ተጀመረ። ሕዝቡ በብዛት ሄዶ አየው። በዚያ ተከታታይ ውስጥ ኩባንያው ሊመልሰው የማይችለው ሞት ያ ነበር፤ ለዚህም ነው ተመልካቹ ያመነው።

የእኛው ተከታታዮች

የአገራችንን ሥራዎች ስንመለከት ሦስት ምሳሌዎች ይጠቅሙናል።

የመጀመሪያው የሬዲዮ ድራማ ነው። «የቀን ቅኝት» እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈ፣ 257 ክፍሎች የነበሩት፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤችአይቪ ለማስተማር የተዘጋጀ ተከታታይ ነበር። 257 ክፍል ትንሽ አይደለም። አድማጮች ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች እየጻፉ ተከታተሉት። ድራማው የተነደፈው በሜክሲኮው የቴሌቪዥን ባለሙያ ሚጌል ሳቢዶ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ገጸ ባሕርያት ለሚያደርጉት ምርጫ ዋጋ ይከፍላሉ፤ በጎ የመረጠው ይጠቀማል፣ ክፉ የመረጠው ይቀጣል፣ በመካከል የሚዋዥቀው አንድ ቀን መወሰን አለበት። ስለዚህ ርዝመት በራሱ አድማጭን አላባረረም፤ ታሪኩ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ መሆኑ ይታወቅ ነበርና።

ሁለተኛው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት የታየው «ሰው ለሰው» ነው። በአበበ ባልቻ የተተወነው አስናቀ የተባለው ገጸ ባሕርይ ከዋነኞቹ በጎ ሰዎች ይልቅ በሕዝብ ልብ ውስጥ ቀረ። ለዓመታት ድራማውን በየሳምንቱ የጠበቀው ተመልካች በመሠረቱ የጠበቀው አንድ ነገር ነበር፤ አስናቀ የሥራውን መቼ ያገኛል? ይህ ጥያቄ የድራማው ሞተር ነበር። መልሱ በዘገየ ቁጥርም ጉጉት ከምሬት ጋር ይቀላቀላል። «አሁንስ በዛ» የሚለው የተመልካች ቃል ጥላቻ አይደለም፤ ያልተከፈለ ዕዳ ማስታወሻ ነው።

ሦስተኛው ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ እየተረጎመ ያቀረባቸው የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎች ናቸው። የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ማኅበራት ሥራችንን ይሻማል፣ ባህልን ይጎዳል ብለው ተቃወሙ። ሕዝቡ ግን «ጥቁር ፍቅር»ን እራት አቁሞ አየ። የቱርክ ድራማ አንዱ ክፍል በአገሩ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፣ ለውጭ ገበያ ሲሸጥ እየተቆራረጠ አጫጭር ክፍሎች ይወጡታል። መቁረጫው የሚወድቀው ጸሐፊው ባሰበበት ቦታ ሳይሆን ሰዓቱ በሞላበት ቦታ ነው። ልብ የሚንጠለጠልበት ሚስማር በየአጭሩ ክፍል መጨረሻ ይተከላል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉጉት በኋለኞቹ ዓመታት ለምን እንደ ቀዘቀዘ ለመረዳት ይህን የመቀስ አሠራር ማወቅ ይረዳል።

የአማርኛ ፊልምም ከዚህ አላመለጠም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩ ፊልሞች፣ ከእነርሱም መካከል የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»፣ ሕዝቡን ወደ ሲኒማ ቤት መለሱት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በዓመት ወደ 100 የሚጠጉ ፊልሞች የሚወጡበት ጊዜ ደረሰ። አንድ አስቂኝ የፍቅር ፊልም ሲሳካ አሥር መሰሎቹ ተከተሉት፤ ሀብታም ልጅና ድሃ ልጅ፣ የተቀያየረ ማንነት፣ በመጨረሻ ሠርግ። እነዚህ ፊልሞች በቁጥር የተሰየሙ ተከታታዮች አልነበሩም፤ ተመልካቹ ግን አንድ ፊልም በተለያየ ስም እየተሸጠለት መሆኑን አወቀ። እዚህ ላይ ከሆሊውድ ጋር ያለን ልዩነት ከባድ ነው። ታላቁ ኩባንያ በአንድ ፊልም መቶ ሚሊዮን ዶላር ከስሮ በማግስቱ ሌላ ይሠራል። ቤቱን አስይዞ ፊልም የሠራ የአገራችን ፕሮዲዩሰር ግን ተመልካቹ አንዴ ከተነሣበት ለሁለተኛ ጊዜ አይሠራም። ለእኛ የተመልካች መሰልቸት የሙያው መሞት ሊሆን ይችላል።

መጨረሻው የሚታወቅ ጀግና

«ጀግና ሲደጋገም ይሰለቻል» የሚለውን አስተያየት ለመፈተን ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አለ። እርሱም ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ስለ ቴዎድሮስ ተውኔት ጻፉ። ብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ደረሱ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለመድረክ አቀረቧቸው። ሰዓሊው ሣላቸው፣ ዘፋኙ ዘፈነላቸው። በአዲስ አበባ ከሚታወቁት የግል ሲኒማ ቤቶች አንዱ እንኳ ስሙ ሴባስቶፖል ነው፤ በጋፋት የተሠራው የቴዎድሮስ መድፍ ስም። ይህ ሁሉ ድግግሞሽ ሕዝቡን አላሰለቸም። እንዲያውም አዲስ ቴዎድሮስ በተጻፈ ቁጥር አዲስ ክርክር ይነሣል።

ለምን ቢባል፣ መጨረሻውን ሁሉም ያውቀዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ እጅ ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ገደሉ። ይህ ፍጻሜ ሊለወጥ አይችልም። ስለዚህ ተመልካቹ «ይድኑ ይሆን?» ብሎ አይጨነቅም፤ ጥያቄው «ለምን እዚህ ደረሱ?» የሚል ይሆናል። የመጀመሪያው ጥያቄ አንዴ ከተመለሰ አለቀ፤ ሁለተኛው ግን ለእያንዳንዱ ትውልድ አዲስ ነው። አንዱ ደራሲ የአንድነት ባለ ራእይ ያያል፤ ሌላው ጎንደርን ያቃጠለ፣ በወሎ ላይ የጨከነ ንጉሥ ያያል፤ ሦስተኛው ባለቤቱን ተዋበችን ያጣ ብቸኛ ሰው ያያል። ያለቀ ሕይወት ይመዘናል። ያላለቀ ሕይወት አይመዘንም፤ ነገ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅምና።

ሌላም ልዩነት አለ። ቴዎድሮስ የማንም ንብረት አይደሉም። አቤ ጉበኛ የብርሃኑ ዘርይሁንን ፈቃድ ሳይጠይቁ ጽፈውላቸዋል። የአሜሪካው ልዕለ ጀግና ግን የኩባንያ ሀብት ነው፤ ጀግናው ከሞተ ንብረት ጠፋ ማለት ነው። የማርቭል ደራሲዎች ፍጻሜ መጻፍ ስለማይችሉ አይደለም የማይጽፉት፤ የተቀጠሩበት ቤት ፍጻሜን እንደ ኪሳራ ስለሚመዘግብ ነው። የመሰልቸቱ ሥር ከጽሕፈት ጠረጴዛው ይልቅ በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ ይገኛል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ጠንካራ ነጥቦች አሉ፤ ልሸሻቸው አልፈልግም።

አንደኛው፣ የገቢው መቀነስ ከኮሮና ወረርሽኝ፣ ከሲኒማ መግቢያ ዋጋ መወደድና ፊልም በቤት ውስጥ በቀጥታ ከመድረሱ ጋር የተያያዘ ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ተመልካች ከሲኒማ ቤት የቀረው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ሆኖም በዚያው በ2023 እ.ኤ.አ. «ባርቢ» ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ ስለ አቶሚክ ቦምብ አባት የተሠራው የሦስት ሰዓቱ «ኦፐንሃይመር»ም ከ900 ሚሊዮን በላይ አስገብተዋል። ሰው ከቤቱ ለመውጣት ፈቃደኛ ነበር።

ሁለተኛው፣ ጄምስ ቦንድ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስልሳ ዓመት ኖሯል የሚል ነው። ነገር ግን የቦንድ ፊልሞች አብዛኞቹ ልክ እንደ ቪዲዮ ቤት ፊልም እያንዳንዳቸው በራሳቸው ያለቁ ነበሩ። በ2021 በወጣው ፊልም ደግሞ ቦንድ ራሱ ሞተ።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. «ሎጋን» በተባለው ፊልም ዎልቨሪን የተባለው ጀግና በክብር ሞተ፤ ፊልሙም በተቺዎች ተመሰገነ። በ2024 ግን በ«ዴድፑል ኤንድ ዎልቨሪን» ተመልሶ መጣ፤ ፊልሙም ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። ታዲያ ሕዝቡ የፍጻሜ መሰረዝን ወደደው ማለት ነውን? ፊልሙ የሚጀምረው የሎጋንን መቃብር በመቆፈር፣ በዚያም በራሱ ላይ እየሳቀ ነው። ተመልካቹ አብሮ ሳቀ። ይህ ግን መቃብሩ እውነተኛ ስለ ነበረ የሚሠራ ቀልድ ነው። ሁሉም መቃብር ባዶ መሆኑ ከታወቀ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነገር አይቀርም።

መዝጋት እንደ ጥበብ

የአካባቢያችን ጥበብ ስለዚህ ጉዳይ የሚያስተምረን አለ። በክልላችን የቀርከሃ ሀብት ሰፊ ነው፤ የበርታ ሕዝብ ዙምባራም ከዚሁ ይሠራል። በዙምባራ ቡድን ውስጥ አንድ ነፊ ዜማውን ብቻውን አይጫወትም። የእርሱን ድምፅ በተራው ያሰማል፣ ዝም ይላል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ዜማው የሚወለደው ከድምፁና ከዝምታው አንድነት ነው። አንዱ ነፊ «የእኔ ድምፅ ተወዷል» ብሎ ሳያቋርጥ ቢነፋ ዜማው ጩኸት ይሆናል። የፊልም ኩባንያዎቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የቃል ተረትም እንዲሁ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች በሰፈራ የመጡ ወገኖቻችን ይዘውት የመጡት የአማርኛ ተረት መክፈቻም መዝጊያም አለው። ተራቹ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲል ተረቱ ለሰሚው ተላልፏል፤ ከእንግዲህ የሰሚው ነው፣ ነገ ሌላ ቦታ ሊናገረው ይችላል። መዝጊያው የባለቤትነት ማስተላለፊያ ነው። የማይዘጋ ታሪክ ግን ዘወትር የተራቹ ንብረት ሆኖ ይቀራል፤ ሰሚው ሁልጊዜ ከፋይ ነው።

ይህ ነገር ከመዝናኛ ያለፈ ትርጉም አለው። በቅርብ ዓመታት በመተከልም በሌሎች የክልላችን ቦታዎችም ደም ፈስሷል። የበቀል ታሪክ ከሁሉ የከፋው ተከታታይ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚቀጥለውን ይጠራል፣ ሁሉም ራሱን የታሪኩ ጀግና አድርጎ ያያል። በጉሙዝም፣ በሺናሻም፣ በበርታም፣ በማኦና በኮሞም ዘንድ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ የሚሠሩት ሥራ ይህን ታሪክ መደምደም ነው። በአማርኛ «ደም ማድረቅ» እንላለን። በዳይ ይናገራል፣ ተበዳይ ይናገራል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ነገሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያንን ጉዳይ ቀስቅሶ ማንሣት ነውር ነው። ልጆቻችን የሚያዩት ታሪክ ሁሉ ፍጻሜ የሌለው ከሆነ፣ መዝጋት የሚባል ጥበብ መኖሩን ከየት ይማሩታል? ፊልም ጦርነት ይፈጥራል እያልሁ አይደለም። ታሪክን መደምደም የሚማሩት ችሎታ መሆኑን፣ ካልተማሩትም የሚጠፋ መሆኑን ነው የምለው።

ምን እናድርግ?

በአገራችን የራሳችንን ልዕለ ጀግኖች ለመፍጠር ጥረት ተጀምሯል። በበሥራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን፣ ቀጥሎም «ሐዊ»ን በሥዕላዊ መጽሐፍ አቅርቧል። መልካም ጅምር ነው፤ የአገራችን ልጅ ራሱን የሚመስል ጀግና ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። ለእነዚህና ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት ደራሲዎች የማቀርበው ምክር አንድ ነው። ከሆሊውድ የምትወስዱት የካባውን ቀለም ይሁን እንጂ የሒሳብ መዝገቡን አይሁን። መጨረሻውን ሳታውቁ የመጀመሪያውን ገጽ አትጻፉ።

ለእናንተ ለተማሪዎቻችን ደግሞ የቀረበ ሥራ አለ። በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦና በኮሞ ቋንቋዎች የሚነገሩ የጀግና ታሪኮች በአያቶቻችሁ አፍ ውስጥ አሉ። አብዛኞቹ በስክሪን ታይተው አያውቁም። ሞባይላችሁን አውጥታችሁ ስትቀርጹ ጀብዱውን ብቻ ቀርጻችሁ አትሂዱ፤ አረጋዊው ታሪኩን እንዴት እንደሚዘጉት፣ በምን ቃል እንደሚያበቁት፣ ከዚያስ ሰሚው ምን ብሎ እንደሚመልስ ጨምራችሁ መዝግቡ። ጀብዱ በሁሉም አገር ይመሳሰላል። የአንድ ሕዝብ ፍርድ ያለው በአዘጋጉ ላይ ነው።

የዓለም ተመልካች ሰለቸኝ ሲል «ጀግና በቃን» አላለም። «ፍርዱን ንገሩን» ነው ያለው። ይህን መስማት ለሚችል ተራች፣ አሶሳ ላይም ይሁን ሌላ ቦታ፣ በሩ ክፍት ነው።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።